የት ልጠብቀው?

ልጆቼ፣

በዳግም ትንሣኤ ማግስት ማታ አንድ ወጣት ደወለልኝ። የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ ነው፤ መስበክ ከጀመረ ገና ዓመት አልሞላውም። «መምህር፣ ነገ ለቅሶ ቤት ገብተህ ስበክ ተብያለሁ። ስለ ትንሣኤ ነው። 15 ደቂቃ ሰጥተውኛል። ምን ልበል?» አለኝ።

እራት ቀርቦልኝ ነበር። «1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 15ን አንብብ፤ ሁሉም እዚያ አለ» ብዬ ዘጋሁት።

ሌሊቱን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። መልሴ ስሕተት ሆኖ አይደለም። «ክርስቶስም ካልተነሣ እንግዲያስ ስብከታችን ከንቱ ነው» የሚለው እዚያ ነው። የስንዴዋ ቅንጣት እዚያ ናት። ሞትን «መውጊያህ የት አለ?» ብሎ የሚያፋጥጠውም እዚያው ነው። ግን እኔም አንድ ቀን ይህንኑ ምዕራፍ በብብቴ ይዤ ለቅሶ ቤት ገብቼ ነበር። ምዕራፉ አላጠፋም፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ያን ለልጁ ልነግረው ሲገባ ለእራት ቸኩዬ ዘለልሁት። ይኸው ለእሱም፣ ምክር ጻፍልን ላላችሁኝ ለእናንተ ለወጣት ሰባኪዎችም ልጻፈው።

ጎንደር የመጣሁት በልጅነቴ ነው። ከደምቢያ፣ ደበሎ ለብሼ፣ አኩፋዳ አንግቼ። «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልሁ ቁራሽ ስለምን የአዘዞ ውሻ ቁርጭምጭሚቴን የነከሰኝ ጠባሳ ዛሬም አለ። ቅኔ ተቀኘሁ። ከዚያ ከየኔታ እግር ሥር ቁጭ ብዬ ሐዲስ ኪዳንን በትርጓሜ ተማርሁ። የኔታ ከሁለቱ የመጻሕፍት ትርጓሜ ወጎች የታች ቤት የሚባለው ሰው ነበሩ። የዚያ ወግ መሥራች የመምህር ኤስድሮስ ስም ሲነሣ ከመደባቸው ላይ ተስተካክለው ይቀመጡ ነበር። እኔ ያን ጊዜ ይህ ሁሉ አክብሮት ለምን እንደሆነ አይገባኝም፤ የሚገባኝ ረኀብ ብቻ ነበር።

በ1984 ዓ.ም. የ36 ዓመት ጎልማሳ ነበርሁ፤ ስሜም ወጥቷል። ያኔ ሞንታርቦ በየደብሩ የለም። ድምፅ ያለው ሰው ይፈለጋል። እኔ ድምፅ ነበረኝ። ትዕቢትም ነበረኝ፤ እሱን ግን ያወቅሁት ቆይቼ ነው።

ደርግ በ1983 ዓ.ም. ሲወድቅ ጎንደር ውስጥ የዘገየ ለቅሶ በዛ። እናንተ አልደረሳችሁበትም። በቀይ ሽብር ዘመን ልጁ የተገደለበት ሰው ድንኳን መጣል ቀርቶ ጮኾ ማልቀስ አይችልም ነበር። እናት ነጠላዋን አፏ ውስጥ ወትፋ፣ ውኃ ልትቀዳ የወጣች መስላ የምታለቅስበት ጊዜ ነው። ሥርዓቱ ሲለወጥ ያ ሁሉ የታፈነ እንባ ወጣ። የ13 እና የ14 ዓመት መርዶ እንደ ትናንት ተቆጥሮ ድንኳን ተጣለ።

አንድ ቅዳሜ ጧት የዕድር ሰዎች ቤቴ መጡ። ከአራዳ ገበያ ዝቅ ብሎ ካለው ሰፈር ነው። አንዲት እናት፣ ልጃቸው በ1970 ዓ.ም. የ11ኛ ክፍል ተማሪ ሳለ ሌሊት ከቤት ተወስዶ የቀረባቸው፣ አሁን ለቅሶ ተቀምጠዋል። አስከሬን የለም። መቃብሩ የት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው የለም። «መምህር፣ መጥተው ያጽናኑልን» አሉኝ። እሺ አልሁ። ስንት ሰው እንደሚገኝ ጠየቅሁ። የልጁን ስም አልጠየቅሁም።

ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ድንኳኑ ውስጥ፣ አስከሬን ሊቀመጥ በሚገባው ቦታ፣ ነጭ ነጠላ የለበሰ ጠረጴዛ አለ። ከላዩ ከተማሪ መታወቂያ ላይ አሳድገው ያሠሩት ጉርድ ፎቶ ቆሟል። ሲያሳድጉት ፊቱ ደብዝዟል፤ የትምህርት ቤቱ ማኅተም ጠርዝ ግን ትከሻው ላይ ደምቆ ይታያል። አጠገቡ ሰማያዊ ሹራብ ተጣጥፏል። ከላይ ሁለተኛዋ ቁልፍ የለችም። በነበረችበት ቦታ የጥቁር ክር ጫፍ ቀርቷል። ሹራቡ ላይ አንድ ደብተር አለ፤ ጥጉ አይጥ የነካው ይመስላል።

ይህን ሁሉ አሁን ነው የማየው። ያን ቀን ዓይኔ የሚፈልገው ጥሩ መቆሚያ ነበር።

45 ደቂቃ ሰበክሁ። ከሕዝቅኤል የደረቁ አጥንቶች ጀመርሁ። አጥንት ከአጥንት ሲጋጠም፣ ጅማት ሲመጣበት፣ ሥጋ ሲለብስ፣ ሁሉንም በእጄ እያሳየሁ። ከዚያ ወደ ጳውሎስ ዘለቅሁ። «ገበሬ ስንዴውን ሲበትን ያለቅሳል ወይ?» ብዬ ጮኽሁ። ሕዝቡም «አያለቅስም!» አለ። ዳዊት በእንባ ስለሚዘሩ ሰዎች መናገሩን እኔም ረሳሁ፣ ሕዝቡም ረሳ። አራዊት የበላው፣ እሳት የፈጀው፣ ውኃ የወሰደው ሥጋ ሁሉ እንዴት እንደሚሰበሰብ ተነተንሁ። ከዚያ ወደ ተሰሎንቄ ሰዎች ሄድሁና «እንዳታዝኑ» የምትለዋን ይዤ «ክርስቲያን ለሞተ አያለቅስም!» አልሁ።

ጳውሎስ እንዲህ አላለም። «ተስፋ እንደሌላቸው እንደ ሌሎች ደግሞ እንዳታዝኑ» ነው ያለው። ተስፋ ያለው ሰው ኀዘን አለ፣ ተስፋ የሌለው ሰው ኀዘን አለ። እኔ ግማሹን አረፍተ ነገር ቆርጬ እናት ላይ ወረወርሁት። ትርጓሜ የተማርሁ ሰው! የኔታ ቢሰሙኝ በመቋሚያቸው ነበር የሚመልሱኝ።

ጥግ ላይ ሙሾ የሚያወርዱት ሴቶች ዝም አሉ። አንዷ የጀመረችውን ዋጠችው። ጸጥታው ቃሌ የሠራ መስሎኝ ደስ አለኝ። ስጨርስ እልልታ ቀለጠ። ለቅሶ ቤት ውስጥ እልልታ! ያን ቀን ስመለስ በልቤ የቆጠርሁት እሱን ነበር።

ሰው ወደ ንፍሮው ሲዞር እናቲቱ ወደኔ መጡ። አጭር ሴት ናቸው፤ ጥቁር ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል። ዓይናቸው ደርቋል። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ሲነሣ የት ነው የሚነሣው? የት ልጠብቀው?» አሉኝ።

ዙሪያዬን የቆሙት ሰዎች መልሴን ይጠብቃሉ። እኔም ብዙ ሳላስብ፣

«እናቴ፣ ይሄ የሥጋ ጥያቄ ነው። በመንፈስ ያስቡ» አልኋቸው።

ሰዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ጥልቅ ነገር የሰሙ መሰላቸው። እሳቸው «እሺ መምህር» አሉ። ሄደው ጠረጴዛው አጠገብ ተቀመጡ፤ ሹራቡን ዘርግተው እንደገና አጣጠፉት። አንድ የዕድር ሰው «ዛሬስ አፍዎ ማር ሆነ» አለኝ። ንፍሮዬን በላሁ፣ ወደ ቤቴ ሄድሁ።

ያቺ «እሺ መምህር» ናት የምታስቸግረኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

የተናገርሁትን እዩልኝ እንግዲህ። የሥጋ ጥያቄ ነው! ትንሣኤ የሥጋ ካልሆነ የምን ሊሆን ነው? ነፍስማ አትሞትም፤ ያልሞተ ደግሞ አይነሣም። የኔታ አንድ ነገር ይሉ ነበር፤ «የወደቀ ነው የሚነሣ። ምን እንደወደቀ እይ፣ ምን እንደሚነሣ ታውቃለህ»። የወደቀው ሥጋ ነው። ከአምስቱ አዕማደ ምሥጢር፣ ከሃይማኖታችን ምሰሶዎች፣ አምስተኛው ስሙ ትንሣኤ ሙታን ነው፤ ነፍስ ወደ ገነት መግባቷ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሌላ ስም በሰጡት። በየቅዳሴው በጸሎተ ሃይማኖት «የሙታንንም መነሣት ተስፋ እናደርጋለን» እንላለን። ይህን አፋችን ለምዶት እንለዋለን፤ መቃብር አፍ ላይ ስንቆም ግን «ነፍሱ ካረፈች ይበቃል» ብለን ሥጋውን ለአፈር እንተዋለን። ሰውየውን ግማሹን ብቻ አጽናንተን እንሄዳለን።

የአቴና ሰዎች ጳውሎስን መቼ እንደሳቁበት ታስታውሳላችሁ? ስለማይታወቀው አምላክ ሲነግራቸው ጸጥ ብለው ሰምተውታል። የሙታን ትንሣኤ ሲል ነው ያፌዙበት። ነፍስ አትሞትም ቢላቸው ኖሮ ብዙዎቹ ራሳቸውን በነቀነቁለት ነበር፤ የእነሱም ፈላስፎች ይሉታል። የከበዳቸው አጥንትና ሥጋው ነው። እኔም በዚያ ድንኳን ውስጥ የአቴና ሰው ሆኜ ነበር፤ ልዩነቱ ነጭ ጋቢ መልበሴ ብቻ ነው።

ጌታስ ምን አደረገ? ደቀ መዛሙርቱ መንፈስ ያዩ መስሏቸው ሲደነግጡ «እጆቼንና እግሮቼን እዩ» አላቸው። አሁንም አላመኑም። «በዚህ አንዳች የሚበላ አላችሁን?» አለ፣ የተጠበሰ ዓሣ ሰጡት፣ በፊታቸው በላ። ሞትን ያሸነፈ አምላክ ዓሣ ይበላል! ለቶማስ ደግሞ ቁስሉን አሳየው። ቁስሉ አልጠፋም። ይህን ስሰብክ ብዙ ጊዜ የአዘዞው ውሻ ጠባሳ ትዝ ይለኛል፤ ይቺስ ትነሣ ይሆን እላለሁ። አትሳቁ። የተነሣው ሥጋ የማይሞት፣ የማይበሰብስ ነው፤ ግን የዚያው የተሰቀለው ነው። ሌላ አዲስ ሥጋ ቢሆን ኖሮ ቶማስ ምን ሊዳስስ ነው?

ስለ አጥንት ካነሣሁ ቁስቋም ትዝ አለኝ። ወጣት ሰባኪ ሳለሁ ተማሪዎቼን ይዤ ደብረ ፀሐይ ቁስቋም እወጣ ነበር። የእቴጌ ምንትዋብ፣ የልጃቸው የዳግማዊ ኢያሱና የልጅ ልጃቸው የኢዮአስ ዐፅም በመስተዋት ሣጥን ውስጥ አለ። ልጆቹ ግንባራቸውን መስተዋቱ ላይ ለጥፈው ያያሉ። አንዴ አንድ ትንሽ ልጅ «መምህር፣ ሦስቱ ሲነሡ ማንኛው አጥንት የማን እንደሆነ በምን ያውቃሉ?» አለኝ። ሁላችንም ሳቅን። ልጁ ግን የምሩን ነው። ያኔም «ለእግዚአብሔር የሚሳነው የለም» ብዬ አለፍሁት። መልሱ እውነት ነው፤ ግን ጥያቄን ለመዝጋት ሲሆን እውነትም በር ይሆናል፤ ድርግም ይላል። ሕፃኑና እናቲቱ የጠየቁኝ አንድ ነገር መሆኑን ለመረዳት ስንት ዓመት ፈጀብኝ።

ሰባት ዓመት። እናቲቱን እስከ 1991 ዓ.ም. አላየኋቸውም። አላየኋቸውም ስል ውሸት ነው፤ ሁለት ጊዜ ከሩቅ አይቼ በሌላ መንገድ ዞሬያለሁ። ወደ አራዳ ስወርድ የዚያን ሰፈር መንገድ ትቼ ዳገቱን እመርጥ ነበር። ለምን ብትሉኝ በግልጽ አላውቀውም። ጥያቄያቸው እንደ እሾህ ተሰክቷል፤ ሲነካኝ ግን «ጥሩ ነበር የመለስሁ» እያልሁ ራሴን እሸነግላለሁ።

በዚያ ዓመት፣ ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት ዓርብ ማታ፣ ለሰንበት ተማሪዎች ዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 20ን አስተምር ነበር። በማግስቱ የቅዱሳት አንስት ዕለት ነው፤ ሽቱ ይዘው ወደ መቃብሩ የሄዱት ሴቶች የሚታሰቡበት። (የሳምንቱን ስሞች መቼም ታውቃላችሁ። ካላወቃችሁ ዕዳው የእናንተ ነው፤ ሰኞ ማዕዶት፣ ማክሰኞ ቶማስ እያልሁ አልቆጥርላችሁም።) መግደላዊት ማርያም መቃብሩ አጠገብ ቆማ ታለቅሳለች። «ጌታዬን ወስደውታል ወዴትም እንዳኖሩት አላውቅም» ትላለች። ዞር ስትል ጌታን አትክልት ጠባቂ መስሏት «አንተ ወስደኸው እንደ ሆንህ ወዴት እንዳኖርኸው ንገረኝ» ትለዋለች።

እዚህ ስደርስ ምላሴ ተያዘ።

ስንት ጊዜ ሰብኬዋለሁ ይህን! ወዴት እንዳኖሩት አላውቅም። የት ልጠብቀው። ያው ጥያቄ ነው። ሌሊት ወስደውባት፣ መቃብሩን የምታጣ ሴት። ድንኳኑ ውስጥ መግደላዊት ማርያም ፊቴ ቆማ ጠይቃኝ ነበር፤ እኔ «የሥጋ ጥያቄ ነው» ብዬ መለስኋት። ጌታ እንዲህ አላላትም። «ስለምን ታለቅሻለሽ?» ብሎ ጠየቃት እንጂ አታልቅሺ ብሎ አልሰበከላትም። ከዚያ አንዲት ቃል ብቻ ተናገረ፤ «ማርያም» አላት። በስሟ ጠራት። ያወቀችው ያኔ ነው።

እኔ ደግሞ የዚያን ልጅ ስም አላውቀውም ነበር። 45 ደቂቃ ስለ ትንሣኤው ሰብኬ ስሙን አንዴ አልጠራሁትም፤ ማን እንደሚነሣ ሳላውቅ ነው የሰበክሁት። 20 የሚሆኑ ተማሪዎች ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። «ውኃ አምጡልኝ» አልኋቸው።

በማግስቱ ሄድሁ። በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ሰፌድ ይዘው ስንዴ ይለቅማሉ። አርጅተዋል። ቀና ብለው ሲያዩኝ «መምህር አይደሉ እንዴ? ይግቡ፣ ይግቡ!» ብለው ሊነሡ ሲሉ እዚያው አጠገባቸው ዱካ ስቤ ተቀመጥሁ። ምን ብዬ እንደምጀምር ጠፋኝ። ስለ ዋጋ ውድነት አወራን፣ ስለ ዝናቡ አወራን። በመጨረሻ፣

«የዚያን ቀን የጠየቁኝን በወጉ አልመለስሁልዎትም» አልሁ።

«ምን ጠይቄ?»

«የት ልጠብቀው ብለውኝ ነበር።»

ሳቁ። እጃቸው ከስንዴው አልተነሣም። «እሱንማ ቆይቼ እኔው መለስሁት» አሉ።

«ምን ብለው?»

«ክርስትና የተነሣበት ነዋ! ባታ። በ40 ቀኑ በነጠላ ጠቅልዬ ይዤው ሄጄ፣ እዚያ ክርስትና ተነሥቶ፣ ሌላ የት ሄዶ ይነሣል? እኔንም እዚያ ቅበሩኝ ብያለሁ። ከቀደምሁት በሩ ላይ እጠብቀዋለሁ።»

ይህን ሲናገሩ ሙግት ያለበት ድምፅ የላቸውም። ዕቃ የት እንዳስቀመጡ እንደሚናገር ሰው ነው የተናገሩት።

ልጆቼ፣ «ክርስትና ተነሣ» የሚለውን ከሕፃንነቴ ጀምሮ ስለው ኖሬአለሁ። ስንቱን ክርስትና አንሥቻለሁ፤ የስንቱ የክርስትና አባት ነኝ። ሕፃን ውኃ ውስጥ ሲጠልቅ፣ ሲወጣ፣ አማርኛችን «ተነሣ» ይላል። ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች በጥምቀት ከክርስቶስ ጋር ተቀበርን፣ በትንሣኤውም ከእርሱ ጋር እንተባበራለን ይላል። ይህን ከነአንድምታው አውቀዋለሁ። ሦስተኛው ምሥጢር ጥምቀት፣ አምስተኛው ትንሣኤ ሙታን ብዬ በጣቴ ስቆጥር ኖርሁ፤ ሁለቱ አንድ በር መሆናቸውን ግን ፊደል ያልቆጠሩ ሴት ስንዴ እየለቀሙ ነገሩኝ። ሬሳ የለም፣ መቃብር የለም፤ ግን ውኃው ያረፈበት ቦታ ይታወቃል። እግዚአብሔር ያን ልጅ አንዴ ከሞት ጋር አጥልቆ አንሥቶታል፤ የት እንዳነሣውም እናቱ ታውቃለች። ከዚህ የተሻለ የትንሣኤ ስብከት ሰምቼ አላውቅም፤ የአፈወርቅ ዮሐንስን የፋሲካ ድርሳን ጭምር አንብቤ ነው ይህን የምለው።

አሁን ነገረ መለኮት የምታጠኑት «መምህር፣ ትንሣኤ እንዲህ በቦታ አይወሰንም» ልትሉኝ እንደምትችሉ አውቃለሁ። ትክክል ናችሁ። እኔም የዛሬ 34 ዓመት ትክክል ነበርሁ።

የልጁን ስም ያኔ ጠየቅኋቸው። ነገሩኝ። እዚህ አልጽፈውም። ስለ እሱ ሲያወሩ ሰዓቱ ሄደ፤ ሲያነብ ጸጉሩን የሚጠቀልል ልጅ ነበር አሉ፤ ሹሮ አይወድም፤ እግር ኳስ ሲጫወት ሹራቡን ለግብ ምልክት መሬት ላይ ያስቀምጥ ነበር። ሹራቡ አሁን እቤት ውስጥ፣ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ሁለተኛዋ ቁልፍ አልተሰፋችም። አልጠየቅሁም።

ምክር ጻፍልን ስትሉኝ ጸልዩ፣ ጹሙ፣ አንብቡ የሚለውን እንድጽፍላችሁ አይመስለኝም። እሱን ታውቁታላችሁ። የሚያሳስበኝን ግን ካልተናገርሁ አይወጣልኝም።

ትንሣኤ የምትለዋን ቃል አርከሳችኋታል። ዩቲዩብ ስከፍት የአገር ትንሣኤ፣ የከተማ ትንሣኤ፣ አንዱማ የንግድ ትንሣኤ ብሎ ሲሰብክ ሰማሁ። ሱቁ ከስሮ ስለተከፈተለት ሰው ነው። ሱቅ ቢከፈት ደስ ይላል፤ ግን ለዚያ ቃል ሞልቷል፣ ተሻለ በሉ፣ ቀና በሉ። ሁሉም ነገር ትንሣኤ ከሆነ ሬሳ ፊት ስትቆሙ የምትናገሩት ታጣላችሁ። እርግጥ እኔም ድርቡሽ በ1880 ዓ.ም. የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት አቃጥሎ እንደገና መሠራታቸውን «የጎንደር ትንሣኤ» እያልሁ ሰብኬያለሁ። ደብረ ብርሃን ሥላሴን ንብ ጠበቀው የሚለውን ጨምሬ ስተርከው ሕዝቡ ያለቅስ ነበር፤ ደስ የሚል ስብከት ነበር። ዛሬ አልሰብከውም። ምናልባት ብለመን እሰብከው ይሆናል።

ለቅሶ ቤት ደግሞ ስልክ በእንጨት ላይ አቁማችሁ ራሳችሁን አትቅረጹ። ባለፈው አይቼ አዘንሁ። ሰባኪው «እልል በሉ!» ሲል ካሜራውን ነው የሚያየው። የሟች ልጅ ደግሞ ከኋላው በምስሉ ውስጥ ገብታ ታለቅሳለች። እኔ ካሜራ ስላልነበረ ተረፍሁ እንጂ በ1984 ቢኖር ኖሮ ያ ስብከት ዛሬም በቲክቶክ ይዞር ነበር፤ እናንተም ታደንቁት ነበር፤ ይህን አስቤ ያልበኛል። በስልክ እያነበባችሁም አትስበኩ፤ መጽሐፉን ያዙ። እኔ ዓይኔ ስለደከመ ፊደሉን አሳድጌ ከስልክ ነው የማነበው፤ እሱ ሌላ ነገር ነው።

ክፉ ብቻ አልናገርም። ከእኛ ይልቅ ታነባላችሁ። እኔ በእናንተ ዕድሜ ስሙን ብቻ የሰማሁትን የአትናቴዎስን የሥጋዌ መጽሐፍ በኪሳችሁ ይዛችሁ ትዞራላችሁ። ጥያቄም አትፈሩም፤ የኛ ዘመን ተማሪ የኔታን እንዲህ ደፍሮ ደውሎ ምን ልበል አይልም ነበር። ዱላውን ያውቃል።

ወደዚያ ልጅ 15 ደቂቃ ልመለስ። በመጀመሪያ ስሰማው ትንሣኤን በ15 ደቂቃ? ብዬ ተናድጄ ነበር፤ የኔታ አንዲቱን ምዕራፍ ሳምንት ይዘዋት ይሰነብታሉ። አሁን ሳስበው ለለቅሶ ቤት 15 ደቂቃም በዛ። ጌታ አልዓዛርን እንደሚያስነሣው እያወቀ ወደ ማርያምና ማርታ መንደር ሲቃረብ ከማርታ ጋር ተነጋገረ፤ «ትንሣኤና ሕይወት እኔ ነኝ» ያላት እዚያ ነው። ማርያም እግሩ ላይ ወድቃ ስታለቅስ ግን እንባውን አፈሰሰ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሊያስነሣው አልቅሶለታል። ይህን ስሰብከው ብዙ ዓመት የጌታን ሰውነት ለማስረዳት ብቻ እጠቀምበት ነበር፤ ምሥጢረ ሥጋዌ ላይ። ለማርታ ቃል፣ ለማርያም እንባ መስጠቱን ያየሁት ካረጀሁ በኋላ ነው። የትኛዋ እህት ፊትህ እንደቆመች ሳታይ አፍህን አትክፈት ልጄ። ለማርታ እንባ ብቻ ብትሰጣት እሷም ትቀየማለች፤ የምር ማወቅ የምትፈልግ ሴት ናት።

ቤተ ክርስቲያናችን ይህን ከእኛ ከሰባኪዎቹ በፊት ታውቀዋለች። በሆሳዕና ዕለት ፍትሐት ይደረጋል፤ በሰሙነ ሕማማት ስለማይፈታ፣ በዚያ ሳምንት ለሚሞቱት አስቀድሞ። ገና ላልሞተ ሰው ነው የሚጸለየው። ከዚያ ቅዳሜ ቄጤማው ይታደላል፣ ሌሊት «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» ይባላል። ለቅሶውም እልልታውም የየራሳቸው ቀን አላቸው። እኔ ሁለቱን በአንድ ድንኳን አደባልቄ ነው የበደልሁ።

እናቲቱ በ1998 ዓ.ም. ዐረፉ። ያን ቀን አዘዞ ለስብከት ሄጄ ስለነበር ቀብራቸው ላይ አልደረስሁም። ባታ ነው የተቀበሩት፤ ከበሩ ብዙ አይርቅም። የፋሲካ ሌሊት ቅዳሴ አልቆ ወደ 9 ሰዓት ገደማ ሕዝቡ ለመፈሰክ ሲቻኮል እኔ በዚያ በኩል አልፋለሁ። ዘንድሮም አለፍሁ። ጧፌ አልጠፋም ነበር፤ ትንሽ ቆምሁ። የልጁን ስም ጠራሁት፤ የእሳቸውንም። ሴት ልጄ «አባባ፣ ዶሮው ይቀዘቅዛል» ብላ እጄን ያዘችኝ።

አንተ የደወልህልኝ ልጅ፣ ይህን ካነበብህ ደውልልኝ። ለቅሶው እንዴት ሆነ? የሟቹን ስም መቼም ሳትጠይቅ አልሄድህም።